ወፈረች የተባለችው ንግሥቴ

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ነርሷ ያምሮት እናቷን ልትጠይቅ ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ ቡሬ መናኸሪያ ወረደች። ወደ ሽንዲ የሚሄድ መኪና ስትፈልግ ከአንድ ባጃጅ ውስጥ የምታውቀው ድምፅ ሰማች። የእናቷ ጎረቤት አያ አድማሴ ነበሩ። አጠገባቸው ሚስታቸው ንግሥቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ አፏን ከፍታ፣ በትከሻዋ ጭምር ትተነፍሳለች።

«እንዴት ሰነበቱ አያ አድማሴ? እታታን ወዴት ይዘዋት ነው?» አለች ያምሮት እጅ ነሥታ።

«ከወጌሻ ነው የምወስዳት። ደረቷን ይዟታል፤ ቢያሻት ይለቃታል ብለውኛል።»

የያምሮት ደም ፈላ። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህችኑ ሴት እሷ ወደምትሠራበት ክሊኒክ አምጥተዋት ነበር። የደም ግፊቷ ሲለካ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ሆነ፤ ደረት ላይ ሽቦ ተያይዞ የሚደረግ የልብ ምርመራም ታዘዘላት። መርማሪው ወጣት «ደረትሽን ግለጪ» ሲላት ግን አያ አድማሴ ዱላቸውን አንሥተው፣ ሚስታቸውን ከአልጋ ጎትተው ወጡ። የታዘዘውን መድኃኒት እንኳ አልወሰዱም። ያምሮት ዕረፍት ላይ ስለነበረች ነገሩን የሰማችው በማግሥቱ ነው። እንዲህ ያለው ባል ክብሩን ያስጠበቀ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ይገባል፤ የታመመው ግን እሱ አይደለም።

«ያን ቀን ለምን አስወጧት?»

«ስሚ ልጄ፣ እኔ በቁሜ ሚስቴን ጎረምሳ ፊት አራቁቼ አላስተኛም! ደግሞስ ያ ሽቦ መብራት አይደለም? በደካማ ሰው ላይ መብራት ይለቀቃል?»

«ሽቦው ወደ ሰውነት የሚልከው ነገር የለም። የልቧን ምት እየተቀበለ ወረቀት ላይ ይጽፋል እንጂ። ለመሆኑ ወጌሻው ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው። ምነው?»

«ታዲያ ሲያሻት ቅቤውን በቀሚሷ ላይ ነው የሚቀባት?»

የባጃጁ ሾፌር ሳቁ አመለጠው፤ ሽማግሌው ሲያፈጡበት ፊቱን አዞረ።

«ወጌሻው የአገር ሽማግሌ ነው» አሉ አያ አድማሴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ደግሞስ የምን የልብ በሽታ ነው የምታወሪብኝ? እስቲ እያት! ከኅዳር ወዲህ ወፍራለች። አገሩ ሁሉ ‹ምን ብታበላት ነው?› እያለ ይቀናብኛል።»

ያምሮት መሬት ላይ ተንበርክካ የንግሥቴን እግር ያዘች። የላስቲክ ጫማዋ አልገባ ብሎ ተረከዙ ተረግጧል። አውራ ጣቷን ቅልጥሟ ላይ ጫን አድርጋ ስታነሣ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ።

«ይህ ስብ ነው? ውሃ ነው አያ አድማሴ! ልቧ ደም መግፋት ሲያቅተው ሰውነቷ ውሃ ያቁራል። እታታ፣ እንዴት ነው የምትተኚው?»

«ግድግዳ... ተደግፌ» አለች ንግሥቴ። «ጋደም ካልሁ ያፍነኛል። የገና ጾም ከገባ ወዲህ።»

«እኔ እኮ ጸሎት ታበዛለች ብዬ» አሉ ባሏ።

በታላቅ ላይ መጮህ በአገሯ ነውር መሆኑን ያምሮት ታውቃለች። ጮኸች።

«በሬዎ እንዲህ ቢያለከልክ ሁለት ወር ዝም ይሉ ነበር? የእኛም ጥፋት አለ፤ ያ ልጅ መጋረጃ ሳይጋርድ፣ ነገሩን ሳያስረዳ ግለጪ ማለት አልነበረበትም። ለሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ግፊቷ አንድ ምስክር ነው፤ እብጠቷና ትንፋሿ ሌላ ምስክር፤ የልቧን ምት የሚጽፈው ወረቀት ደግሞ ሦስተኛው። ዳኛ ቢሆኑ ምስክር ሳይሰሙ ይፈርዳሉ? መርማሪዋ ሴት ትሁን ካሉ እኔው እመረምራታለሁ!»

አያ አድማሴ መሬቱን በዱላቸው ቆረቆሩ። «እንግዲህ ላስብበት። የንስሐ አባቴንም ልጠይቅ።»

ንግሥቴ ከጋቢዋ ሥር እጇን አውጥታ የባጃጁን ብረት ጨበጠች።

«የምታፈነው እኔ፣ የምታስብበት አንተ!» አለች እያረፈች። «ዘጠኝ ልጅ ስወልድልህ... እንዴት ነሽ ያላልኸኝ፣ ዛሬ ስለ ገላዬ ተቆርቋሪ ሆንህ? እኔ ከያምሮት ጋር እሄዳለሁ። አንተ ወጌሻህ ዘንድ ሂድና ይሽህ!»

አያ አድማሴ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሰምተው አያውቁም። ሚስታቸውን ደግፈው ወደ ፍኖተ ሰላም መኪና አሳፈሩ። ያምሮትም የእናቷን ጥየቃ አቆይታ አብራቸው ተመለሰች።

በክሊኒኩ መጋረጃው ተጋረደ፤ ያምሮት ሽቦዎቹን በንግሥቴ ደረት፣ እጅና እግር ላይ አያይዛ ወረቀቱን አወጣች። ሐኪሙ አያ አድማሴን ጠርቶ አሳያቸው። «ጤነኛ ልብ እኩል ይራመዳል። የእሷ አንዱ ምት ቀርቦ፣ ሌላው ርቆ ይንገዳገዳል። እንዲህ ያለ ልብ ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ግፊቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ልቧን አድክሞታል።» ሽማግሌው ወረቀቱን አገላብጠው አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ንግሥቴ ሆስፒታል ተልካ ተኝታ ታከመች። በዐሥር ቀን ውሃው ወረደላት፤ ቀጭኗ ንግሥቴ ተመለሰች፤ ጋደም ብላ ተኛች። ክኒኑን ቢሻላትም ባይሻላትም በየቀኑ እንድትውጥ፣ ጨው እንድትቀንስ፣ በየወሩ እንድትለካ ተነገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሚስቱን የደበቀም እንደዚያው ነው።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሰንበቴ ላይ፣ እጅጉ የተባለ ማኅበርተኛ አያ አድማሴን በሰው ፊት ነካቸው። «ሚስትህን ከተማ ወስደህ አስገለጥሃት አሉ?»

አያ አድማሴ ጠላቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«አዎ፣ ተገልጣለች! በየወሩም ትለካለች፤ እኔም አብሬያት እለካለሁ። ያን ቀን እሷን ባልሰማት ኖሮ ልብሷን የሚያወልቅላት ገናዥ ነበር። ያን ጊዜ መጥተህ ለምን ተገለጠች ትለኝ ነበር?»

እጅጉ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። ክሊኒኩ በየት በኩል እንደሆነ በዝግታ ጠየቀ።