የሦስተኛው ፎቅ በረዶ

ክቡር ዶክተር፣ ክብርት ሲስተር፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ኬክ አለ ሲባል ሰምታችሁ ከሌላ ክፍል ዘው ያላችሁ እንግዶች፤ እባካችሁ ለአፍታ ከመቀመጫችሁ ተነሡ። የማሰማችሁ ዜና ከባድ ነው። ልቡን የማያምን ሰው ካለ በር አጠገብ ይቁም።

በዚህ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ፣ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል፣ ከፍሪጁ ውስጥ ለሰባት ወራት በረዶ ሲሰረቅ ቆይቷል። ሌባው አልታሰረም። ከደመወዙም አልተቆረጠም። ይኸው ዛሬ በአበባና በኬክ፣ በጭብጨባ ታጅቦ ጡረታ ይወጣል።

ተቀመጡ። ሲስተር፣ እርስዎማ መጀመሪያም አልተነሡም፤ ጥፋተኛ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል።

እንደ ደንቡ ሲስተር ወደዚህ ክሊኒክ በመጡበት ቀን ልጀምር። ያን ቀን እኔ ገና ጥርስ አላበቀልኩም ነበር፤ ታሪኩን የነገረኝ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው። እሱ እውነት ሲናገር አይቼው አላውቅም፤ ይህቺን ግን በልጆቹ ምሎ ነው የነገረኝ። ሲስተር በመጀመሪያው ቀን ኮሪደር ላይ ግድግዳ የተደገፈ አንድ ገርጣ ያለ ሰውዬ ያገኛሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው፣ «ወደ ላይ ተመልከት! ደም የለህም እኮ! ማነው የሚከታተልህ?» ይሉታል።

ሰውዬው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ነበሩ።

ሊያባርሯቸው ደብዳቤ አስጽፈው ሳይፈርሙበት ደማቸው ተመረመረ። እውነትም ጎድሎ ተገኘ። ደብዳቤው ተቀደደ፤ ሲስተርም ያገኙትን ሰው ዓይን ሁሉ የመጎተት መብት እስከ ዛሬ ድረስ ይዘው ቀሩ። በሊፍት ውስጥ ጎትተዋል። ሻይ ቤት ወረፋ ላይ ጎትተዋል። የዘበኛውን ሙሽራ በሠርጓ ቀን ጎትተዋል። «ዓይን ገላጭ» የሚለውን ስም ማን አወጣላቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔ ነኝ።

እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ መሆኔን ታውቃላችሁ። አሥረኛ ክፍልና እኔ በስምምነት ተለያይተን እዚህ በተቀጠርኩበት ጠዋት፣ ሲስተር ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ዓይኔን ገለጡና፣ «ደም አለህ። የጎደለህ ሌላ ነው» ብለውኝ አለፉ። ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገሩኝም። ዛሬ የመጨረሻ ዕድልዎ ነው።

ከሌላ ክፍል ለመጣችሁ ሥራችንን ላስረዳ። እኛ ጋ የሚመጡት ውፍረት ለመቀነስ ሆዳቸውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሱ ሰዎች ናቸው። ሲስተር ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ተራ የሚጠብቁት ፊት ይቆማሉ። ንግግራቸውን በካርድ ክፍሉ መስኮት አራት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ሁሉ ቢደመር ይህን አያህልም፦

«ስሙኝ! ቀጥናችኋል፣ አምሮባችኋል፣ አዲስ ሱሪ ገዝታችኋል፤ እሰየው! ግን ሆዳችሁ ጠቧል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ብረት ከምግብ ወደ ደም የሚገባበት የአንጀታችሁ ክፍል ታልፏል። ብትበሉም እንደ ድሮው አይገባላችሁም። ደረጃ ትንፋሽ ሲያሳጥራችሁ፣ ልባችሁ ድው ድው ሲል፣ ፀጉራችሁ ሲረግፍ፣ በሙቀት ሲበርዳችሁ፣ በረዶ መቆርጠም ሲያምራችሁ፣ 'ደክሞኝ ነው' ብላችሁ እንዳትተኙ። በሦስት ወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ እስክትሞቱ ድረስ ደማችሁን ታያላችሁ። 'ደህና ነኝ' የሚል ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይምጣ!»

«እስክትሞቱ ድረስ» የምትለዋን ሲሏት ሰው ሁሉ የሚሞተው የፊታችን ሐሙስ ይመስለዋል።

ከዚያ ምርመራው ይጀመራል። «የብረት ክኒኑን በምን ዋጥሽው?» «በሻይ፣ ሲስተር።» «በሻይ? ታዲያ ሻዩ ብረቱን ይዞብሽ ሄደ! አንቺ ምን ቀረሽ?» አንዱ ምስኪን ሰውዬ ደግሞ ክኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ቀን ሰገራዬ ጠቆረ ብሎ ኑዛዜ ሊጽፍ ሲል ስልክ ደወለ። ሲስተር በድምፅ ማጉያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ክኒኑ ነው የኔ ጌታ፤ ሬንጅ መስሎ ካጣበቀና ከሸተተ ግን አሁኑኑ ና!» አሉት። ምሳ ሰዓት ነበር። ማንም ምሳውን አልጨረሰም።

ቀጠሮ አልፏቸው የጠፉ ሰዎች ካርድ የሚቀመጥበት የታችኛው መደርደሪያ አለ። ሲስተር «የአመፀኞች መደርደሪያ» ይሉታል። የኔ ሥራ እሳቸው በጻፉልኝ ወረቀት እያነበብኩ ለአመፀኞቹ መደወል ነው። ይህን መደርደሪያ አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ስርቆቱ። አምና ነው የጀመረው። ሦስት ትሪ በረዶ ጠዋት ሞልቶ እናስቀምጣለን፤ ከሰዓት ባዶ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አለ ለካ፣ ይቅርታ፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «በረዶ የክፍሉ ንብረት ነው።» ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሁላችሁም ዞራችሁ እኔን አያችሁኝ። እርግጥ ነው ስኳሩ ዕቃ ውስጥ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ። የግድግዳውን ሰዓት ሃያ ደቂቃ ያስቀደምኩትም እኔ ነኝ። ግን በረዶ? በረዶ ምን ያስቃል?

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ዋናዋ ምስክር ማን ነበሩ? ሲስተር! አንድ ጉንጫቸው አብጦ፣ ከአፋቸው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እየወጣ፣ «ይሄ መዘዘኛ ካልሆነ ማን ይሆናል?» አሉ። አፍዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ስላቸው፣ «ካራሜላ ነው፤ አንተን አይመለከትህም» አሉኝ።

ስሜን ለማጽዳት ወጥመድ አጠመድኩ። የኬክ ቀለም ገዛሁ፤ አረንጓዴ። በረዶ በሚሆነው ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግኩና ቀለሙ እንዳይታይ ትሪዎቹን በማሸጊያ ወረቀት ሸፍኜ መለስኳቸው፤ የቸኮለ ሌባ ቀለም አያይም። በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሲስተር አርባ ሰው ፊት ቆመው፣ «ምላሳችሁን ልይ! እንዲህ፣ እስከ መጨረሻው አውጡት!» ብለው የራሳቸውን አወጡ።

እንደ ሰላጣ አረንጓዴ ነበር።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ታክሲ ነጂ፣ ሲስተር ስንት ጊዜ የተቆጧቸው ታካሚ ናቸው፣ እጃቸውን አወጡና በትሕትና፣ «ሲስተር፣ የኛም እንደዚያ መሆን አለበት?» ብለው ጠየቁ።

እኔ በሳቅ ወድቄ ካርድ ክፍሉ ወለል ላይ ተንከባለልኩ። እዚያው ተጋድሜ ሆዴን እንደያዝኩ፣ ሲስተር ወሬውን ቀጥለው «...በረዶ መቆርጠም ሲያምራችሁ...» ሲሉ ሰማሁ።

ሳቄ ቀጥ አለ።

ወገኖቼ፣ ሲስተር ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ ሲያነቡ ስንቶቻችሁ አይታችኋል? ሁላችንም። በቀን አራት ጊዜ ያነቡታል። «ለደኅንነት እንዴት ይጨነቃሉ!» እንል ነበር፤ ለካ ደረጃው ትንፋሽ ሲያሳጥራቸው ማረፊያቸው ነው። ሰው ሁሉ በሙቀት በሸሚዝ ሲሆን እሳቸው ሹራብ ላይ ሹራብ ሲደርቡ፣ «ዕድሜ ነው» አልን። ያልጎተቱት ዓይን ቢኖር የራሳቸው ብቻ ነበር፤ እኛም የክፍሉ አሥራ ሁለት ሠራተኞች፣ ያውም ደመወዝ የሚከፈለን ይህንኑ እንድናይ ሆኖ ሳለ፣ «እንዴት አምሮባቸው ቀጥነዋል» ስንል ከረምን።

የወደቅኩት የአመፀኞቹ መደርደሪያ አጠገብ ነው። ሲስተር ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ይህንኑ ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ ምስጢር አይደለም፤ «እኔም እንደናንተ ተቆርጫለሁ» እያሉ ለታካሚው ሁሉ ይናገራሉ። እጄን ሰድጄ ስፈልግ ካርዳቸው ከታች፣ አቧራ ለብሶ ተገኘ። የመጨረሻው የደም ምርመራ ከአምስት ዓመት በፊት ነበር። ከሥሩ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል።

(ይህን ሁሉ እንድናገር ፈቅደውልኛል። «ተናገር፣ ሌላው ይማርበት፤ ከጨመርክበት ግን ከጡረታ ተመልሼ እመጣልሃለሁ» ብለዋል።)

እንግዲህ ሥራዬን ሠራሁ። ከካርድ ክፍል ወደ ቢሮአቸው፣ ስምንት እርምጃ ነው፣ አፍንጫዬን ይዤ ደወልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከክትትል ክሊኒክ ነው የምንደውለው። የደም ምርመራ ቀጠሮዎ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል።»

«የማን?»

«የእርስዎ።»

ቀስ ብለው፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አሉ።

ወረቀቴን አየሁ። እሳቸው ጽፈውልኛል፦ «'ሥራ በዝቶብኝ ነው' ለሚል፣ 'ሥራው ያለ እርስዎ ይውላል፤ እርስዎ ያለ ደም አይውሉም' በለው።» አነበብኩላቸው።

«እኔ እኮ ደህና ነኝ።»

«'ደህና ነኝ' የሚል ሰው ከሁሉ ቀድሞ ይምጣ።»

«አንተ ቅሌታም! አፍንጫህን ልቀቅ!» ብለው ዘጉብኝ።

አልመጡም። ጡረታዬን ስወጣ ጊዜ አገኛለሁ አሉ። ጡረታው ገና ሦስት ወር ይቀረው ነበር። በሳምንቱ ያንኑ ደረጃ ሲወጡ የእሳት ማጥፊያው ጋ ደረሱ፤ ያን ቀን ግን አላነበቡም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ነጭ ነበር። ደግፈው ያነሷቸው እኚያው ታክሲ ነጂ ናቸው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት የድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። ስም አልጠራሁም፤ የሰው ምስጢር እጠብቃለሁ፣ በተለይ ሲመቸኝ። «ካርድ ቁጥር አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ላቦራቶሪ መስኮት!»

ማንም አልተነሣም። ሲስተር ተቆጡ። «አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት! ማነው ይሄ ጆሮ የሌለው? ሰው እየጠበቀ እኮ ነው! እንዲህ ዓይነቱ ነው በኋላ ተሸክመን የምናመጣው!»

ደግሜ ጠራሁ። እሳቸውም ደግመው ተሳደቡ። በሦስተኛው ወጣሁና ካርዱን እጃቸው ላይ አኖርኩት። አነበቡት። ታክሲ ነጂው ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ሲስተር፣ ይፈቅዱልኛል? ወደ ላይ ይመልከቱ።»

በአውራ ጣታቸው ዝቅ አድርገው አዩ። ወደኛ ዞረው፣ «ነጭ ወረቀት ነው» አሉ። ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ፣ ማንም ሳያስጀምረው፣ «ደም የለዎትም እኮ! ማነው የሚከታተልዎት?» አለ።

ገቡ። የላቦራቶሪው ባለሙያ መርፌውን ሲያነሣ፣ «ዘንበል አድርገው! ማነው ያስተማረህ?» አሉት። «እርስዎ ነዎት» አላቸው። እጅጌአቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉለት።

ሄሞግሎቢናቸው ስምንት ነጥብ ሁለት ነበር፤ ለሴት ከአሥራ ሁለት በታች ከወረደ ጎድሏል ይባላል። የብረት ክምችታቸው ደግሞ ተራግፎ አልቋል፤ እሱ ከሄሞግሎቢኑ ቀድሞ ስለሚወርድ፣ በየዓመቱ ቢታይ ኖሮ ገና ድሮ ይናገር ነበር። ዶክተር የተደበቀ መድማት እንዳይኖር ፈትሸው አጡ። ክኒኑ አልበቃ ስላለ ብረቱ በደም ሥር ተሰጣቸው። ዶክተር ያን ቀን ያሏቸውን አልረሳም፦ «ሲስተር፣ ጡረታዎን ቢጠብቁ ኖሮ ልብዎ ቀድሞዎት ጡረታ ይወጣ ነበር።»

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደረጃው ላይ ጥለውኝ ሄዱ። «ውፍረት ጨምረሃል፣ ቀጠሮ ልያዝልህ?» እያሉ። በረዶው አሁን ሞልቶ ተርፏል። የእሳት ማጥፊያውን ግን የሚያነብለት ሰው አጥቷል።

ሲስተር፣ አሁን ትንሽ ቁም ነገር ልናገር፤ አይሳቁብኝ። ሰዓቱን ያስቀደምኩ ጊዜ ሊያባርሩኝ ሲሉ፣ «ይሄ ልጅ ሰው ያስቃል፤ እየሳቀ የሄደ ታካሚ ተመልሶ ይመጣል» ብለው ያስቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ አላመሰገንኩዎትም፤ ይልቁንም ወንበርዎ ላይ ማስቲካ ለጠፍኩ። ይኸው አሁን አመሰግናለሁ። ለአመፀኞቹ ስደውል ድሮ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከየስልኩ ጀርባ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው ይታየኛል፤ ካልመጣ ደግሜ እደውላለሁ። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በንግግርዎ አይደለም፣ በአረንጓዴ ምላስዎ ነው።

የምንፈራው አንድ ነገር ነው። ከነገ ጀምሮ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ አይደሉም። ቤትዎ ሲቀመጡ ማን ዓይንዎን ይጎትታል? የቤትዎ ፍሪጅ ደግሞ የራስዎ ነው፤ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት የለም። ስለዚህ ባልደረቦችዎ ሰዓት እንግዛላቸው ሲሉ እኔ አይሆንም አልኩ። ስጦታዎ ይህ ፖስታ ነው። ይክፈቱት። አዎ፣ የቀጠሮ ካርድ ነው። የሚቀጥለው የደም ምርመራ ቀን በቀይ ተጽፏል። ከሥሩ «በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው።

ይመጣሉ? አልሰማሁም። ከኋላ ያሉትም አልሰሙም፣ ጮክ ይበሉ።

«እመጣለሁ» አሉ! ዶክተር ምስክር ናቸው፣ ታክሲ ነጂውም በሩ ጋ ቆመዋል፤ እሳቸው ናቸው የሚያመጧቸው።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሡ። ውሃ ነው፣ በረዶ የለበትም፤ ሆን ብዬ ነው። ለሲስተር! ደረጃው ይቅለላቸው፣ እንቅልፉ ይጣፍጣቸው፣ የዓይናቸው ቆብ ውስጡ እንደ ቀይ ጽጌረዳ ይሁን፣ የልጅ ልጆቻቸውም ዓይናቸው ሳይጎተት የሚውሉበትን አንድ ቀን እንኳ ያግኙ። ለጤናቸው!

ጠጡ። ለነገሩ መጀመሪያ ላይ ከባድ ዜና ብዬ አስነሥቻችሁ ነበር፤ ይቅርታ፣ አካብጄው ነው። ሦስት ትሪ በረዶና አንድ ብልቃጥ ደም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቀላል ነገር ነበር። ብቻ ያቺ ማስጠንቀቂያዬ ትቀደድልኝ።