በምክር ቤቱ መስኮት ሥር ስለተገኘው ቢጫ ቅጠል

የሎስ ሮብሌስ ከተማ ፖሊስ መምሪያ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ማሳሩ ኦኪሞቶ
ዕድሜ፦ 82 ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ አትክልተኛ
አድራሻ፦ ካሊፎርኒያ፣ ሎስ ሮብሌስ ከተማ፣ ዋልነት መንገድ፣ የቤት ቁጥር 418
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 2023፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ሬኔ ቫንደርሆፍ
ጉዳዩ፦ አትክልተኛ ኤውሴቢዮ ባራጋን በምክር ቤቱ ግቢ ቆሻሻ ደፍቷል በሚል የቀረበበት ክስ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁበት ምክንያት ወዳጄ ኤውሴቢዮ ባራጋን ባለፈው ማክሰኞ በምክር ቤቱ መስኮት ሥር ቅጠል ደፍተሃል ተብሎ መከሰሱን፣ ጥፋተኛ ከተባለም የአትክልተኝነት የሥራ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ከባለቤቱ ከወይዘሮ ኦፌሊያ በመስማቴ ነው። ቅጠሉ የእኔ ነው። ሐሳቡም የእኔ ነው። ኤውሴቢዮ ያዋጣው መኪናውንና ጉልበቱን ብቻ ነው። ሳጅን ቫንደርሆፍ «አባባ ኦኪሞቶ፣ ይህን ሲሉ ራስዎን እየከሰሱ መሆኑን ያውቃሉ?» ስትል ጠይቃኛለች። አውቃለሁ ብዬ መልሻለሁ። በሰማንያ ሁለት ዓመቴ የምነጠቀው የሥራ ፈቃድ የለኝም፤ የመንጃ ፈቃዴን ደግሞ ልጄ ከመንግሥት ቀድማ ነጥቃኛለች።

ሳጅኗን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። የእናቷን ግቢ የምንከባከበው እኔ ነበርኩ፤ የጎረቤቱን ብርቱካን በአጥር ተንጠላጥላ ስትለቅም በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ከጉዳዩ ጋር ስለማይያያዝ አልጽፈውም ብላኛለች። ያልኩት ሁሉ ይጻፍልኝ ብያለሁ፤ ተጽፏል።

ኤውሴቢዮን የማውቀው ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ ሥራዬን ያስረከብኩት ሰው በመሆኑ ነው። እኔ በመጥረጊያ ስሠራበት የነበረውን ሰፈር እርሱ በቤንዚን ሞተር ነው የሚሠራበት። ቅጠል የሚነፋውን ሞተር እንደ ልጅ በጀርባው አዝሎት ይውላል፤ ልዩነቱ ይህኛው ልጅ እሹሩሩ ቢሉት የማይተኛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያለቅስ መሆኑ ነው። ከዚህ የተነሳ የቀኝ ጆሮው ደንቁሯል። የማይጥለውም ወድዶት አይደለም። እርሱ ሞተሩን አውርዶ መጥረጊያ ቢይዝ ባለሞተሩ አትክልተኛ ቀድሞት ቤቶቹን ይወስድበታል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያወርዱት የሚያደርግ ሕግ ይውጣ ብለን እርሱና እኔ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ምክር ቤቱን ስንለምን ሁለት ዓመት አልፎናል።

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ካርላ ሆልምስትሮም በየስብሰባው የሚሰጡን መልስ ሁለት ነበር። አንደኛው «ድምፁ ካስቸገራችሁ መስኮታችሁን ዝጉ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ክልከላው የሚጎዳው ድሃውን አትክልተኛ ነው» የሚል ነው። ወይዘሮዋ ይህን የሚሉት ክፋት ኖሮባቸው አይመስለኝም። ሰምተውት አያውቁም። የምክር ቤቱን ግቢ የሚያጸዳው ተቋራጭ አቶ ግሬግ ፑልያም ለሠራተኞቹ ሁለት ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥቷል። የመጀመሪያው፣ ምክር ቤቱ በተሰበሰበበት ሰዓት ሞተር እንዳይነሳ ነው። ሁለተኛው፣ በምክር ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ቅጠል እንኳ ወድቃ እንዳትታይ ነው። እኔም ሁለቱ ትእዛዞች አንድ ቀን ቢገናኙ የትኛው ያሸንፍ ይሆን የሚል ጉጉት ካደረብኝ ቆይቷል።

በግቢዬ አባቴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እኛ ጃፓናውያን ከታጎርንበት የእስር ካምፕ ተፈትቶ ሲመለስ የተከለው የጊንኮ ዛፍ አለ። በዚህ ከተማ ሌላ ጊንኮ የለም። ይህ ዛፍ ቅጠሉን እንደ ሌላው ዛፍ እየቆነጠረ አይሰጥም፤ ውርጭ ሲመታው በአንድ ጠዋት ያለ የሌለውን ያራግፋል። ሰኞ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ ዛፉ ራቁቱን ቆሞ፣ ግቢዬ ጉልበት ድረስ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ቅጠሉ በውርጭ ርሷል። እርጥብ የጊንኮ ቅጠል ከመሬት ጋር እንደሚጣበቅና ሞተር በሙሉ ኃይሉ ካልጮኸበት ንቅንቅ እንደማይል አርባ ዓመት የሠራሁበት ጉዳይ ስለሆነ አውቃለሁ። ስብሰባው በማግስቱ ነበር። ዛፉም ድምፁን እንደሰጠ ቆጠርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ኤውሴቢዮን መኪናህን ይዘህ ና አልኩት። እርሱ አክብሮ «ዶን ማስ» ነው የሚለኝ፤ በከረጢት እየሞላን ስንጭን የተነጋገርነው ይህ ነው፦

«ዶን ማስ፣ ይሄን ሁሉ ቅጠል የት ልናደርሰው ነው?»

«ለጽጌረዳ።»

«ለማን ጽጌረዳ?»

«ለከተማው። ብርድ ገደላት እኮ፣ አታዝንም?»

«እርስዎ ለጽጌረዳ አዝነው ያውቃሉ እንዴ? እሾኋን ሲረግሙ ነው የማውቅዎት።»

«ሰው ሲያረጅ ልቡ ይለሰልሳል። ይልቅ ጫን፣ ንግግርህን እየተለማመድክ ጫን።»

በዚያን ዕለት በስብሰባው ላይ ሊናገር የነበረው ራሱ ኤውሴቢዮ ነው። ለዚህም ሲል ከሟች ወንድሙ የወረሰውን ኮት ለብሶ ነበር። ስለ ሌላው ነገር የሚያውቀው አልነበረም፤ ቢያውቅ ኖሮ እምቢ ይለኝ ስለነበር አልነገርኩትም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቅጠሉን በምክር ቤቱ መስኮት ሥር ባለው የጽጌረዳ መደብ ላይ በደንብ አድርገን አለበስነው። ጥቂት ወደ ድንጋዩ መንገድ ፈስሶ ሊሆን ይችላል። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ቀን ከሌላው ቀን ይብሳል።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ለተናጋሪ ሁሉ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። የአዳራሹ ማሞቂያ ከልክ በላይ ስለሚሞቅ መስኮቶቹ ተከፍተው ነበር። ኤውሴቢዮ ተጠርቶ ቆመ፤ ኮቱን አስተካከለና «እኔ ኤውሴቢዮ ባራጋን እባላለሁ፤ አትክልተኛ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰማ የለም፤ ከመስኮቱ ሥር ሞተሩ ተነሳ። የአቶ ፑልያም ሁለተኛ ትእዛዝ የመጀመሪያውን አሸነፈ ማለት ነው።

ወይዘሮ ሆልምስትሮም «ምን አሉ? ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ!» አሉ። ኤውሴቢዮ ጮኸ። «አልሰማሁም!» አሉ። ደግሞ ጮኸ። ቀጥሎ የቤንዚኑ ጭስ ገባና የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ማሳል ጀመሩ። ወይዘሮዋ «መስኮቱን ዝጉ!» ብለው አዘዙ። ተዘጋ። ለሞተሩ ግን መስኮት መዘጋቱን የነገረው አልነበረም። ጸሐፊዋ መስታወቱን እየደበደበች ሠራተኛውን እንዲያቆም በእጇ ምልክት ሰጠችው። ሠራተኛው ጆሮው ላይ መከላከያ አድርጓል፤ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበላት። ቀዩ መብራት በራ፤ የኤውሴቢዮ ሦስት ደቂቃ አለቀ።

ተመልሶ አጠገቤ ሲቀመጥ ፊቱ ደም መስሎ ነበር። «አንድ ቃል አልሰሙኝም፣ ዶን ማስ። ሁለት ሳምንት የተለማመድኩት!» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። «ዝም በል፤ እንደ ዛሬ ሰምተውህ አያውቁም» አልኩት።

ቀጥሎ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ወደ ማይክሮፎኑ ሄጄ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁና ለሦስት ደቂቃ ሙሉ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ድምፅ አላወጣሁም። ጣቴን አነሳሁ፣ ደረቴን መታሁ፣ ወደ መስኮቱ አመለከትኩ፣ አንዴም እንባዬን የጠረግሁ መሰልኩ። «አቶ ኦኪሞቶ፣ ምንም አይሰማም! እባክዎ ጮክ ይበሉ!» እያሉ ሰብሳቢዋ ለመኑኝ። አፌን ይበልጥ ከፈትኩላቸው። የምክር ቤት አባሉ አቶ ቲግ የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «ሲኦል ነው እንዴ ይሄ!» ሲሉ አየሁ። ከንፈሬ ምን እያለ እንደነበር ሳጅኗ ጠይቃኛለች። ከስብሰባው በኋላ ከሱቅ የምገዛውን ነበር የምቆጥረው፤ ቶፉ፣ ዝንጅብል፣ የኮሪደር አምፖል፣ ለድመቷ ሰርዲን። በቃለ ጉባኤው ላይ ጸሐፊዋ «የተናጋሪው ንግግር በጩኸት ምክንያት አልተሰማም» ብላ መዝግባለች። እውነቷን ነው፤ አልተሰማም።

እጅ ነስቼ ስመለስ ሞተሩ ቤንዚን ጨርሶ በድንገት ቀጥ አለ። ወይዘሮ ሆልምስትሮም ግን ድምፃቸውን ለመቀነስ አልደረሱም ነበር። ጸጥ ባለው አዳራሽ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይላቸው «መስኮቱን ዝጉ አልኩ እኮ!» ብለው ጮኹ። መስኮቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት ዝጉ ሲባሉ የኖሩት ሰዎች በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሳቁ ከየት ጥግ እንደጀመረ አላውቅም፤ እስከ በረንዳው ድረስ ሄደ። ወይዘሮዋ ቀሉ። ከዚያ፣ ለክብራቸው ስል ይጻፍልኝ፣ እርሳቸውም ሳቁ።

አቶ ቲግ መስሚያቸውን መልሰው ጆሯቸው ላይ እያደረጉ «ያ አትክልተኛ ያለውን ይድገምልን» አሉ። ኤውሴቢዮ ተነሳ። ወረቀቱን አላየም። እንዲህ አለ፦ «ክልከላው አትክልተኛውን ይጎዳል ትላላችሁ። አትክልተኛው እኔ ነኝ። እናንተ ዛሬ በመስኮት ሰማችሁት፤ እኔ ሃያ ዓመት በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ። ብቻዬን ባወርደው ቤቴ ይራባል። ሁላችንም በአንድ ቀን ካወረድነው ግን ማንም ማንንም አይቀድምም። እዘዙንና እናውርደው።» ብሎ ተቀመጠ። 

ሠራተኛው በዚህ መሐል ቤንዚን ሞልቶ ኖሮ ሞተሩ እንደገና ተነሳ። ወይዘሮ ሆልምስትሮም ሁለቱን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጫኑና ወዲያው አንዱን አንስተው ወደ ላይ ዘረጉት። የመጀመሪያዋ እጅ የእርሳቸው ነበረች። የአምስቱም የምክር ቤት አባላት እጅ ተነሳ፤ ተቃዋሚ የለም። በከተማው ግቢዎች ከረቡዕ ጀምሮ፣ በመኖሪያ ቤቶች ከመጪው ጁላይ ጀምሮ የቤንዚን ሞተር ቀረ፤ ሞተሩን ለሚያስረክብ አትክልተኛም ከተማው በባትሪ የሚሠራ ሊለውጥለት ወሰነ። ድምፅ የተሰጠው በእጅ ሆኖ በጀን፤ በአፍ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እንቆጥር ነበር።

ስንወጣ ሠራተኛው ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ አይቶ ሞተሩን አጠፋና «ምንድን ነው? ማን አሸነፈ?» ብሎ ጠየቀ። ኤውሴቢዮ «አንተ ነህ ያሸነፍከው፣ ወንድሜ። አውርደው» አለው። ሰውየው ሞተሩን ከጀርባው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠና ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ቁመቱ ከኤውሴቢዮ እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

አቶ ፑልያም ስላቀረበው ክስ ያለኝ ቃል የሚከተለው ነው። በምክር ቤቱ በር ላይ የመናፈሻ ክፍሉ «ነዋሪዎች የወደቀ ቅጠላችሁን ለጽጌረዳችን አምጡ» የሚል ማስታወቂያ በየዓመቱ ይለጥፋል። የሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን ታዛዥ ዜጋ ነኝ። ቅጠሉን እንዳኖር በታዘዝኩበት ቦታ አኖርኩ። የአቶ ፑልያም ሠራተኛ በአለቃው ትእዛዝ ከዚያ አንስቶ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ግቢ ነፋው። ጎረቤቱ ይህ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሳጅን ቫንደርሆፍ ከኋላዋ ባለው መስኮት እንድትመለከት ጠይቄያታለሁ፤ ተመልክታለች፤ ግቢው ቢጫ መሆኑን አረጋግጣለች። እንግዲህ ቅጠሉ ቆሻሻ ከሆነ፣ ፖሊስ ግቢ ውስጥ የደፋው ማን ነው? ለጽጌረዳዋ የተሰጠ ስጦታ ከሆነስ፣ የቀማት ማን ነው? ሁለቱንም ጥያቄ አቶ ፑልያም ይመልስ።

ሳጅኗ ወጥታ ለመናፈሻ ክፍሉ ስልክ ደውላ ተመለሰች። ማስታወቂያው ዛሬም እንደተለጠፈ ነው ብላኛለች። ቀጥላም «አባባ ኦኪሞቶ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሆን ብለው ነው አይደል?» ስትል ጠይቃኛለች። ጽጌረዳዋ እንዳይበርዳት አስቤ ነው ብያለሁ። ሌላ ያሰብኩት ነገር ካለ ሐሳብ በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስከስስ ይነገረኝ። ሳጅኗ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳይለምነኝ ነው። ተነብቦልኝ፣ በሁለቱም ጆሮዬ በደንብ ሰምቼው፣ የቀነስኩት እንጂ የጨመርኩት እንደሌለ በማረጋገጥ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ማሳሩ ኦኪሞቶ
የቃል ተቀባይዋ ፊርማ፦ ሳጅን ሬኔ ቫንደርሆፍ

የመርማሪዋ ማስታወሻ፦ በኤውሴቢዮ ባራጋን ላይ የቀረበው ክስ መሠረት ስለሌለው ተዘግቷል፤ የሥራ ፈቃዱ እንደጸና ይቀጥላል። የጣቢያው ግቢ የከተማው ይዞታ በመሆኑ ከትናንት ጀምሮ በቤንዚን ሞተር ማጽዳት የተከለከለ ነው። ምስክሩ ሲወጣ ሁለት የቀርከሃ መጥረጊያዎችን በር ላይ አስደግፎ ሄዷል። አንዱን እኔ ወስጃለሁ። ሁለተኛው አቶ ፑልያምን ይጠብቃል።