ለሞተ ኮከብ የተላከ ሽማግሌ

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ውብሸት ግቢ። የወፍጮ ቤት ሠራተኛው አስማረ ባለፈው ቅዳሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ የአቶ ውብሸትን ልጅ ሐመልማልን ለጎረቤቱ ለሱራፌል ጠይቆ፣ እምቢ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ብቻውን ተመልሷል።)

አቶ ውብሸት፦ ለኮከብ ቆጣሪ ልጄን አልሰጥም ብያለሁ፤ አለቀ። ደግሞ ምን ልትጨምር መጣህ?

አስማረ፦ ልጨምር አይደለም ጋሽ ውብሸት፤ የጨመርኩትን ልቀንስ ነው።

አቶ ውብሸት፦ ጓደኞችህስ?

አስማረ፦ «አንተ ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል» ብለው ቀሩ። እውነታቸውን ነው። «ሥራው ምንድን ነው?» ሲሉን «ተመራማሪ ነው» ብዬ አፌን ብዘጋ፣ ይኼኔ የቀለበቱን ቀን ቆርጠን ነበር።

አቶ ውብሸት፦ አንተ ግን «የሞተ ኮከብ እያዳመጠ ሰዓቱን ይጽፋል» አልክ። ወንድሜን እኮ አንድ ኮከብ ቆጣሪ «ገብስማ ዶሮ፣ ጥቁር በግ» እያለ በረቱን ባዶ አስቀርቶታል!

አስማረ፦ ያልኩት እውነት ነው። ጥፋቱ እውነቱን የተናገርኩት እኔ መሆኔ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ስለ ሰማይ ሲያወራ ከጠንቋይ በምን ይለያል?

አቶ ውብሸት፦ ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት።

አስማረ፦ ሦስተኛውን አልወደቅኩም፤ ፈርቼ አልተፈተንኩም።

አቶ ውብሸት፦ በል እሺ። ኮከብ እንዴት አድርጎ ይሞታል?

አስማረ፦ ነዳጁን ይጨርሳላ። ከፀሐይ በብዙ የሚበልጥ ኮከብ ነው። እሳቱ ከውስጥ እየገፋ ነበር ደግፎ የያዘው። እሳቱ ሲያልቅ መሃሉ በራሱ ክብደት ይደረመሳል፤ ላዩ ፈንድቶ ይበተናል። የሚተርፈው ድቡልቡል ነገር ከዳር እስከ ዳር ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

አቶ ውብሸት፦ የግማሽ ቀን መንገድ።

አስማረ፦ የግማሽ ቀን መንገድ፤ ግን ከፀሐይ ይከብዳል! ከሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢዘገን ተራራ ያህል ይመዝናል። እኔ ታዲያ «በኩንታል ስንት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሱራፌል በእኔ ተስፋ የቆረጠው ያን ዕለት ነው።

አቶ ውብሸት፦ እና ይኼ ድቡልቡል ምኑ ይደመጣል?

አስማረ፦ ይሽከረከራል። ትልቅ ሳለ ቀስ ብሎ ይዞር የነበረው፣ ሲሰበሰብ ፍጥነቱ ጉድ ይሆናል። አልገባኝ ቢል፣ እዚያው እኔ ቤት የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። በግራ በቀኝ አምስት አምስት ኪሎ ዱቄት አስይዘው፣ እጄን አስዘርግተው አዞሩኝና «አሁን ሰብስብ!» አሉኝ። ሰበሰብኩ።

አቶ ውብሸት፦ እሺ?

አስማረ፦ እሺማ የለም። ወንበሩ በረረ፣ እኔ ወደቅኩ፣ ዱቄቱ ፈነዳ። ሚስቴ ስትገባ ነጭ ሆኜ ተዘርሬያለሁ። «የሰው ትዳር የሚያቆመው ይኼ ነው?» ብላ ወጣች። ይሳቁ፣ ይሳቁ፤ ሰፈሩ ስቆ ጨርሷል።

አቶ ውብሸት፦ አልሳቅኩም። ቀጥል።

አስማረ፦ ይኼ የተሰበሰበው ኮከብ አንዳንዱ፣ ወፍጮዬ በደቂቃ የሚዞረውን በአንዲት ሰከንድ ይዞረዋል። ደግሞ ኃይለኛ ማግኔት ነው፤ ከሁለቱ የማግኔት ጫፎቹ ጨረር ይወጣል። የአምቡላንስ መብራት አይተው የለ? ብልጭ ድርግም የሚል ይመስላል እንጂ መብራቱ አይጠፋም፤ ፊቱን ሲያዞርብን ነው።

አቶ ውብሸት፦ ጨረሩ በሚዞርበት ዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ ቢወጣስ? ያኔማ ቢዞርም አንድ ቦታ ነው የሚያበራው።

አስማረ፦ ኧረ ጋሽ ውብሸት! ይህቺን ለመረዳት እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል! ጨረሩ እኮ ከዘንጉ ዘንበል ያለ ነው። በዞረ ቁጥር እኛን ጠረግ አድርጎ ያልፋል፤ በትልቅ የራዲዮ ጆሮ፣ በአንቴና ማለቴ ነው፣ ሲያዳምጡት ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል።

አቶ ውብሸት፦ ነዳጁ ካለቀ ታዲያ ምን ያዞረዋል?

አስማረ፦ መብራት ሲጠፋ ወፍጮዬ ወዲያው ይቆማል? አይቆምም፤ በያዘው ፍጥነት ይሄዳል። እሱም እንደዚያው ነው፤ ጨረር በረጨ ቁጥር ይደክማል፣ ግን ድካሙ የሚሊዮን ዓመት ነው። ሱራፌል የሚጽፈው የዚያችን ጧ ሰዓት ነው፤ ዘገየች፣ አልዘገየችም።

አቶ ውብሸት፦ ስለ ሰው ዕጣ ምንም አይልም?

አስማረ፦ እኔ ባለጌው ጠይቄዋለሁ። «የእኔስ ኮከብ ምን ይላል?» አልኩት። «ጋሼ፣ ኮከቡ እርስዎ መኖርዎንም አያውቅም» አለኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ዕድሌ እንዲህ በአንድ ቃል ተዘጋ።

አቶ ውብሸት፦ እንዲህ አለህ?

አስማረ፦ ቃል በቃል። ሌላም አለ። ባለፈው «በቅርቡ መኪና ይገዛል» ያልኩት የእኔ ፈጠራ ነው። የተከራየ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና ብዙ መጽሐፍ ነው ያለው። ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ «ሄደው ውሸት ነው ይበሉ፤ ብከለከልም ልከልከል» አለኝ። ይኸው ብያለሁ።

አቶ ውብሸት፦ ሐመልማልስ መኪና እንደሌለው ታውቃለች?

አስማረ፦ እንዴት አታውቅ! ወንበሩንስ ያዞረችው ማን ሆነና… ወይ አፌ!

አቶ ውብሸት፦ ምን አልክ? እዚያ ነበረች?

አስማረ፦ በር ክፍት ነበር! ሚስቴ ጓዳ ነበረች! እኔም ነበርኩ፤ ወለሉ ላይ። ጋሽ ውብሸት፣ በእኔ አፍ ልጆቹን አይቅጡ።

አቶ ውብሸት፦ ስትወድቅ ሳቀች?

አስማረ፦ እንዴ! እንባዋ እስኪወርድ። ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው።

አቶ ውብሸት፦ እኔ ቤት ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ጥርሷን አላየሁም። ምግብ ታቀርባለች፣ ታነሳለች፤ ድምፅ የለም።

አስማረ፦ …እንግዲህ እኔ ልሂድ መሰለኝ። ዛሬም ጨማምሬ አበላሸሁት።

አቶ ውብሸት፦ ነገ ሦስታችሁም ከቅዳሴ በኋላ ኑ፤ ወንድሞቼም ይኖራሉ። ስለ ኮከቡ ከጠየቁ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ አንተ ትንፍሽ እንዳትል!