የአባዬ ይቅርታ

— ሄሎ? ... ማነው? ... አባዬ! ወአለይኩም ሰላም። ዙሀይር ነኝ እንጂ ማን ይሆናል! የማን ቁጥር ነው ይሄ? ... አሃ፣ አብሮህ የሚሰራው የዋቁማ። ያንተስ? ... ቻርጅ ጨርሶ። አንተና ቻርጀር መቼም አትዋደዱም።

— ቆይ አንዴ... ሀይፋ! ቲቪውን ቀንሺው፣ አባዬ ነው! ... "ኖ" ትለኛለች እኮ፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላት! ቀንሺ አልኩ! ... እሺ፣ አሁን ይሰማኛል። ብሬክ ላይ ነህ? ... አስር ደቂቃ ቀረህ። እሺ።

— የትምህርት ቤቱ ሚቲንግ? ... ሄድን እንጂ። እማዬ ከስራ መውጣት አልቻለችም፣ እኔና ኢሀብ ነን የሄድነው። ያንተን ከረባት አስሬ። ... ሳላስፈቅድህ፣ አዎ። ወላሂ ጠበቃ ነው የምመስለው። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ "ሰር" አለችኝ። እኔን! ዘጠነኛን ሁለቴ የወደቅኩትን!

— እሺ፣ እሺ... ቀልዱን ተውኩት። ... ኢሀብን አባረሩት።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... አባረሩት ነው የምልህ። ከነገ ጀምሮ እዛ ትምህርት ቤት አይገባም። ፋይሉም ለፖሊስ ይሄዳል። የአስራ ሦስት ዓመት ልጅህን።

— በምን ማስረጃ? ... ቦርሳውን ፈተሹ፣ ምንም የለም። ሎከሩን ፈተሹ፣ ምንም የለም። ሰረቀ ያሉት የልጅቷ አይፖድ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የዛን ቀን ጂም ውስጥ ሀያ ስድስት ልጅ ነበር፣ የተፈተሸው የሱ ቦርሳ ብቻ። ለምን በለኛ። ... እሱማ ግልጽ ነው፣ ከሀያ ስድስቱ ጥቁር እሱ ብቻ ነዋ።

— ታዲያ ማስረጃው? ... አባዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል። ... ወንበር የለም? እሺ ቁም። ማስረጃው አንተ ነህ።

— አንተ! ጋሽ ክፍሌንና ጋሽ ጎንፋን ይዘህ ልጅቷ ቤት የሄድን ጊዜ! አባቷ ሌተር ጽፏል፣ ፊታችን አነበቡት። "ሱፍ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ብርቱካን ይዘው መጡ። ልጃችን አጥፍቷል፣ ጥፋቱ የኛ ነው አሉ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው፣ ይቅር ካላልከን አንቀመጥም ብለው ሳሎኔ መሀል ቆመው ቀሩ። ልጄ ፈርታ አለቀሰች" ይላል። ... አውቃለሁ፣ ሽማግሌ ይቅርታ ሳያገኝ አይቀመጥም። እኔ አውቃለሁ። ሰውዬው ግን ቤቱን የወረርነው መስሎታል።

— እኔ ምን ላድርግ? አስተርጉም አልከኝ፣ ያልከውን ነገርኩት። እንደውም ውሻቸው የጋሽ ክፍሌን ሱሪ ሲያሸት፣ እሱ ደግሞ እንደ ሐውልት ድርቅ ሲል፣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ... አዎ ሳቅኩ፣ ምን ልዋሽህ። ዛሬ ሌተሩን ሲያነቡት ግን ከረባቱን ማላላት ጀመርኩ።

— አስረዳሁ እንጂ! "እኛ ጋ ሽማግሌ ነገር ለማብረድ ይሄዳል፣ ባያጠፋም አጥፍተናል ይላል፣ ዋናው እርቁ ነው" አልኳቸው። በዚችው እንግሊዝኛዬ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ቃለ ጉባኤ የምትጽፈዋ ሴትዮ ቀና ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ታዲያ አባትህ ያኔ ዋሽቷል ወይስ አንተ አሁን እየዋሸህ ነው?"

— ምን ልበላት! ... ከዛ ወደ ኢሀብ ዞረው "ወስደሃል?" አሉት።

— ... "አዎ" አለ።

— አባዬ፣ አትጩህ! ስራ ቦታ ነህ እኮ! ... ማንን ነው የምትገለው? አልወሰደም! ወላሂ አልወሰደም! ... መኪና ውስጥ ጠየቅኩታ። "ለምን አዎ አልክ?" ስለው፣ "አልወሰድኩም ካልኩ አባዬ ውሸታም ሊባል ነው" አለኝ።

— ቆይ፣ አልጨረስኩም። ክላስ ውስጥ የሚያነቡት ልቦለድ አለ አይደል? ... አዎ፣ ቲቸሯ ትልቁን ፓርት ሰጠችኝ ብሎ ፒዛ የገዛህለት! ያ ትልቅ ፓርት ምን መሰለህ? አይዛክ የሚባል ጥቁር ፍሬ ለቃሚ ነው፣ ጎተራ አቃጠልክ ተብሎ የተከሰሰ። የአይዛክን ቃል ጮክ ብለህ አንብብ ብላ ለሱ ሰጠችው። ለምን ለሱ እንደሆነ አሁንም ግልጽ ነው። እሱ ሞኙ ደስ ብሎት መስታወት ፊት ይለማመድ ነበር። ልጆቹ አይፖዱ ከመጥፋቱ በፊት ጀምረው "አይዛክ" ነው የሚሉት።

— እና ምን አለኝ መሰለህ... "አይዛክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እውነቱን ተናገረ። ማን እንዳቃጠለ ያየ ትንሽ ልጅም ነበር፣ የጠየቀው ሰው ግን የለም። አይዛክን ወሰዱት። እኔም እውነቱን ብናገር ያው ነው። ቢያንስ አባዬ ይትረፍ" አለኝ። ... እንደሱ ነው ያለው። "ቢያንስ አባዬ ይትረፍ።"

— አለ እንጂ መፍትሄ! ... አይ፣ አይ፣ አይ! ሽማግሌ አይደለም! በአላህ ሽማግሌ የሚባል ነገር እንዳታነሳ! ጋሽ ክፍሌ እዛ ኦፊስ ሄዶ አልቀመጥም ካለ ሁላችንም ነው የምንታሰረው። ፎርም ሰጥተውኛል። አንድ ወረቀት። ዛሬ ስትገባ "እነሱ ቤት ያልኩት ለእርቅ ብዬ ነው እንጂ ልጄ መውሰዱን አውቄ አይደለም" ብለህ ትጽፋለህ፣ ሳይን ታደርጋለህ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኦፊሳቸው ካልደረሰ ግን አበቃ።

— ምኑ ነው የሚያዋርድህ? ... "ጋሽ ክፍሌና ጋሽ ጎንፋም አብረውኝ ውሸታም ሊሆኑ ነው"... እሺ፣ ልጁስ? ... አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። የዛን ቀን ከቤት ከመውጣታችን በፊት ኢሀብን ወስደሃል ወይ ብለህ ጠይቀኸው ነበር?

— ... አልጠየቅከውም? ... እኔም አልጠየቅኩትም እኮ። ጋሽ ክፍሌም አልጠየቀው፣ ጋሽ ጎንፋም። ብርቱካን ስንመርጥ ነው ያረፈድነው።

— አሁን ጠይቀው። ይኸው፣ ሶፋው ላይ ነው፣ ጃኬቱን እንኳን አላወለቀም። ... ኢሀብ፣ ና። አባዬ ነው። ... አይቆጣህም፣ ና ስልህ! እውነቱን ብቻ ንገረው፣ በቃ። ያዝ።

— ... ... ምን አልከው? ... ኢሀብ! ወስጃለሁ ነው ያልከው አንተ? ... ስልኩን አምጣ! አምጣ አልኩህ!

— ሄሎ፣ አባዬ! ውሸቱን ነው! አሁን ነገርኩህ አይደል እንዴ... ምን? ... አልሃምዱሊላህ? ለምኑ ነው አልሃምዱሊላህ? ... "አልዋሸሁም ማለት ነው"... አባዬ፣ ስማኝ እንጂ! ፊቱን ብታየው እኮ — የምን ደወል ነው? ... ብሬክህ አለቀ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ! ፎርሙንስ? ... ምን? ... ቅደደው?

— አባዬ? ... ሄሎ? ... ሄሎ?