የጋሼ ታፈሰ የሁዳዴ ቅቤ

ከቤቴ ኋላ ያለችውን የአቮካዶ ዛፍ እያየ "ጣሊያን የተከላት ናት አይደል?" የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ወላሂ፣ የተከልኳት እኔ ነኝ! ያኔ ሸዋ ሮቢት በጣሊያኑ ሹም ጓሮ አትክልተኛ ነበርኩ። ቤቴ ደግሞ ከማሽላው አገዳ ክምር ጀርባ ጋሼ ታፈሰ የሚባሉ ቁስለኛ አርበኛ ደብቄያለሁ። ሹሙ "እናንተ ሙስሊሞች ወዳጆቻችን ናችሁ" ይለኛል፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አትክልቱን አጠጣለሁ። አንድ ቀን ከሩቅ በሳጥን ካስመጣው አቮካዶ አንዱን ሰጠኝና "ብላው፣ ሰውነት ያጠነክራል፤ ዘሩን ግን አብቅልልኝ" አለኝ።

እኔ ልበላው? ለቁስለኛዬ ይዤው በረርኩ። ለሁለት ከፍዬ ባቀርብላቸው ጋሼ ታፈሰ ፊታቸውን አዞሩ።

"ሰይድ፣ በሁዳዴ ቅቤ ልታበላኝ? ሞቼ እገኛለሁ እንጂ!"

ሰውየው እህል አልወርድ ብሏቸው አጥንታቸው ቀርቷል። ትልቁን ዘር ከመሃል ፈልቅቄ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። "ጋሼ፣ እስቲ ዘር ያለው ቅቤ ከየትኛው ላም ይወጣል?"

አገላብጠው አዩትና ሳቁ። ከቆሰሉ ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። ጨው ነስንሼላቸው ልጣጩ ብቻ እስኪቀር ጠረጉት።

ዘሩን ከቤቴ ኋላ ተከልኩና ለሹሙ "በሰበሰ" አልኩት። እሱ ፍሬዋን ሳይቀምስ አገር ለቆ ሄደ። ጋሼ ታፈሰ ግን እስኪያረጁ ድረስ፣ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ከጀውሃ በበቅሎ ይመጡና ገና ከደጅ "ሰይድ፣ ቅቤዬን አምጣ!" ይሉኝ ነበር።