የአባባ አውራ ጣት

— ሄሎ? …አቤት እማዬ። እኔው ነኝ፣ ተክለሃይማኖት።

— ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? …እሰይ።

— ምኑ? …እሱማ ጎረቤት ያለው ብረት ቤት ነው። እሁድም አያርፉ። ኮልፌ መቼ ጸጥታ ታውቅና። …አንዴ ቆይኝ።

— ኪዳን፣ ቀስ በይ እንጂ ልጄ! ቅድመ አያትሽ ናቸው። አባባ መሞቱን አልሰሙም ብዬሽ የለ? መርዶውን እስኪረዱ ድረስ በእኔ ድምፅ እሱን ነው የሚያናግሩት። …እማ፣ አውቃለሁ፣ ባልሽን መስዬ ሳወራ መስማት ይከብድሻል። ውጪ፤ በሩን ብቻ ቀስ አድርገሽ ዝጊው።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? …የየኔሰው ልጅ ናት፣ ኪዳን። የቤት ሥራ ተሰጥቷት የሁላችንንም ጣትና ጆሮ እያገላበጠች ነው።

— ልጅ ከወላጆቹ ምን ይወርሳል የሚል። …አይ፣ ርስቱንስ አይደለም! መልኩን፣ ቁመቱን፣ ድምፁን ጭምር።

— እኮ። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው የምትለው። አንዳንዱ ግን ይደበቃል አሉ። አንዱ ሰው ላይ ሳይታይ ያልፍና ልጁ ላይ ብቅ ይላል፤ ያውም ከሁለቱም ወላጅ ከመጣ።

— ለምሳሌማ አውራ ጣቷ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። እናቷም ላይ የለም፣ እኔም ላይ የለም። ከአባባ መጥቶ እኔ ውስጥ ተደብቆ ነው…

— …ሄሎ? እማዬ?

— ማለቴ… አዎ፣ የኔም ይታጠፋል። ካንቺ የወሰድኩት…

— ምን አልሽ? …ሕፃን ሆኖ ሲጠባው የነበረው ጣት እንዴት ይጠፋኛል ነው የምትይው?…

— …እማማ። ይቅር ይበሉኝ። የኔሰው ነኝ።

— ያውቁ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?

— ከመጀመሪያው ቀን? በምን አወቁ?

— …አዎ፣ ችኩል ነበር። ሁሌ ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው። እኔ እርስዎ እስኪዘጉ እጠብቃለሁ። …ድምፁ የሱ፣ ትዕግስቱ የእናቴ የበላይነሽ? እንደሱ ነው የሚሉት?

— እኔማ እየፈራሁ ነው፣ እማማ። ስልኩን ዘግቼም ድምፁ አይለቀኝም። ልጄን ስጠራት የምሰማው እሱን ነው።

— ታዲያ ለምን ዝም አሉ? …አውቃለሁ ካሉ ድምፁም ይቀራል ብለው። እስከ ዛሬ ትራስ ነክሰው… ወይኔ።

— መርዶውንስ ማስቀረት አልችልም። አጎቴ ጌታሁን ከሽማግሌዎቹ ጋር ነገ ጎህ ሲቀድ ደጅዎ ይደርሳሉ። …አዎ፣ ገና እንደሰሙ ይሁኑላቸው። ያኔ እንደልብዎ ያልቅሱ።

— ምን ላድርግ? …እንደሱ ሆኜ ልሰናበትዎ? …እማማ፣ እሱን አይጠይቁኝ። …እሺ። እሺ፣ አንዴ ብቻ።

— እማ፣ ተመለስሽ? …አትውጪ፣ ቁጭ በይ። የመጨረሻው ነው።

— ሄሎ፣ እማዬ! ተክለሃይማኖት ነኝ። …አሜን። …አሜን። …ዕድሜ? …አሜን እማዬ። በይ አሁን ሥራ አለብኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል፣ ቻው!

— …ዘጋሁባቸው፣ እማ።