ቁጥር አንድ ላይ የሚጠፋው እሳት

እንደምን ዋልሽ አበልጄ ኤርሲልያ? አትነሺ፣ አትነሺ፤ ጉልበትሽን አውቀው የለ... እኔው ወንበሩን ሳብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ውጪውንስ ምን ልበልሽ፤ ይሄ የኮይሃይኬ ነፋስ ዛሬ ሰውን ከነጃንጥላው አንስቶ ወንዝ ማዶ ሊያደርስ ነው። የማቴውን ቅጠል ሻይ አንቺው ቅጂልኝ፣ ያንቺ እጅ ይጥመኛል። ስኳሩን ተዪው፤ ሰሞኑን ጣፋጭ በዝቶብኛል... ከምላስም ከምኑም።

ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? የሶፓይፒያ ቂጣ በዘይት እየተጠበሰ ነው? የወንድምሽ ልጅ ሚስት ናታ። አይ እጅ! የማዕድ ቤቱን በር ተዪው፣ ክፍት ይሁን። ሽታው ወደዚህ ይምጣልን፤ የኛም ወሬ ወደዚያ ቢሄድ ምን ይጎዳል? የምንደብቀው ነገር የለን።

ዛሬም ካፖርትሽን ደርበሽ ነው የነቃሽው አሉኝ። ይገርማል እኮ። ያ የእንጨት ምድጃሽ ከተማውን በጭስ አፈነ ተብሎ ተነቅሎ፣ ይሄ ፔሌት የሚበላው፣ የታመቀ የሰጋቱራ ፍሬ የሚቆረጥመው ማሽን ከተተከለልሽ ወዲህ ሞቆሽ አያውቅም። ከፍ ሲያደርጉት እንደ ጉድ ይነዳል። ቁጥር አንድ ላይ አድርገሽው ጋደም ስትዪ ግን ጭል ጭል ይልና... ድርግም።

ደግነቱ እንደ ወንድምሽ ልጅ ሚስት ያለ የሚያስብልሽ ሰው አለሽ። ባሏ ዓሣ እርባታው ላይ እየዋለ እየሰነበተ፣ እሷ ብቻዋን ስላንቺ ስትጨነቅ ማየት ያሳዝናል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «አክስታችን ማሽኑን መያዝ አቃታት፤ አረጋውያን የሚጦሩት መነኮሳት ዘንድ ብትገባ ይሻላታል፣ እዚያ ግድግዳው ሳይቀር ይሞቃል፤ ሰኞ መጥተው ይወስዷታል» እያለች ለሰው ሁሉ ታስረዳ ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል መሐረብ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። መሐረቡ ግን... ሲመለስልኝ ደረቅ ነበር። ፈጣን ነፋስ ነው ያለን አልኩሽ እኮ።

ደግሞ አርቆ አሳቢ ናት። በቀደም ያንቺን መኝታ ቤት መስኮት ለአዲስ መጋረጃ ስትለካ በአጥሩ በኩል አየኋት። አንቺ ሰኞ ትሄጃለሽ፣ መጋረጃው ለማን እንደሆነ እንጃ። ለአልጋሽ ይሆናል፤ አልጋም ብቻውን ሲቀር ይበርደው ይሆን?

እኔ እንደምታውቂኝ ነገር ካልገባኝ አያስችለኝም። ፔሌቱ እርጥበት ገብቶት ይሆን ብዬ ከጆንያው ዘግኜ ሰበርኩት፤ ቀጭ አለ፣ ደረቅ ነው። እሳቱ የሚነድባትን ትንሿን ድስት አውጥቼ ቀዳዳዎቿን አመድ ደፍኗቸው እንደሆነ በሹራብ መርፌ ወጋጋሁ፤ ንጹሕ። በሩ አየር ያስገባ ይሆን ብዬ ወረቀት አስገብቼ ዘጋሁበትና ሳብኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ምን ቀረ? ዞሬ ወደ ውጪ፣ ከግድግዳው ኋላ። ማሽኑ የሚተነፍስባት ቱቦ ብቅ ያለችበት ጋ።

ተወትፋ አገኘኋት አበልጄ። በጨርቅ።

እኔ ክፉ አላሰብኩም። እዚህ አገር ቀዳዳ አይቶ የማይወትፍ ማን አለ? እናቴ ትወትፍ ነበር፣ አንቺም ትወትፊያለሽ። የእንጨቱንም ምድጃ ቢሆን አመሻሽ ላይ አየሩን እንዘጋበትና እሳቱ አንቀላፍቶ ያድር ነበር። ይሄኛው ግን ሲያፍኑት አያንቀላፋም፣ ይሞታል። ከፍ ሲል ማራገቢያው በጨርቁም መሐል ቢሆን አየሩን ጎትቶ ያስገባል፤ ዝቅ ሲል ጉልበት ያጣል። ሰው በልማድ፣ ሳያውቅ ያደረገው ነው ብዬ ጨርቁን መዘዝኩት። ነገሩንም እዚሁ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አስረዳሁሽ፣ ትዝ ይልሻል? ያን ጊዜ ማዕድ ቤት ውስጥ ማንኪያ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

በማግስቱ ሄጄ ባይ... ተመልሶ ገብቷል። ያውም ጠለቅ ብሎ፣ በእንጨት ተጠቅጥቆ። ነፋሱ ነው መቼም። የኛ ነፋስ ጨርቅ አጥፎ፣ ቱቦ ፈልጎ፣ እንጨት ቆርጦ ይጠቀጥቃል። ምን ያቅተዋል?

ጨርቅ እላለሁ እንጂ የሹራብ እጅጌ ነው። አረንጓዴ፣ ነጭ መስመር ያለው። እንዲህ ያለ ሹራብ ባለፈው ክረምት የሆነ ሰው ላይ አይቻለሁ... ማን ላይ እንደሆነ ጠፋኝ። እርጅና ነው። ዛሬ ጠዋት መልሼ አወጣሁትና አጠብኩት፤ ይኸው፣ ምድጃሽ አጠገብ ላስጣው። ባለቤቱ ሲያልፍ ያነሳዋል። በዚህ ብርድ በአንድ እጅጌ መዞር ደግ አይደለም።

እስቲ አሁን ቁጥሩን አንብቢልኝ፣ እኔ ከፊደል ጋር ብዙም አንተዋወቅም። አንድ ነው አይደል? እግሬ እንደገባ ነው ዝቅ ያደረግኩት። ማቴው ተቀድቶ አልቋል፣ ወሬዬም ሊያልቅ ነው፣ እሳቷ ግን ይኸው ትነዳለች። ትንሽ ናት፤ ግን ትነዳለች። ታዲያ ሰኞ መነኮሳቱ ሲመጡ ሻይ አፍልተሽ፣ እዚሁ አሙቀሽ ትሸኚያቸዋለሽ። ምነው፣ ዓይንሽ ምን ሆነ? ማቴው አቃጠለሽ? ያንቺውስ እንባ ነው፤ ይሄው እጄን አርሶታል።

ዘይቱ አረረ መሰለኝ፣ ሽታው ተቀየረ። አንቺ ማዕድ ቤት ያለሽው፣ የኔ ልጅ፣ ተረጋጊ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጊው... ዝቅ ማድረግ ታውቂበት የለ።

አንቺም መርቂያት እንጂ አበልጄ፣ እንዲህ የለፋችልሽን። እኔ ልጀምርልሽ። እግዜር ዕድሜ ይስጣት፤ ፀጉሯ እስኪነጣ፣ ጉልበቷ እንደ ጉልበትሽ እስኪዝል ያኑራት። ከወንበሯ መነሳት ያቃታት ለትም እሳቷን ለማንም ባዕድ አይስጥባት፤ ቁርጥ እሷን የመሰለች፣ በእጇም በልቧም እሷኑ የሆነች ሴት ይላክላት፤ እሷ አንቺን እንዳሞቀችሽ፣ ያቺም እሷን ታሙቃት።

አሜን በይ እንጂ።